ታላቅ የሚጀምረው የሦስት ቃል ጨዋታ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5፣ ሸሕዲ

ለሰው የማታወሩ ከሆነ ልንገራችሁ። ዛሬ የመስኮት ወንበሬን በሦስት ቃል ተቀምቼ፣ ከአይከል እስከ ሸሕዲ የሚኒባሱ ሞተር ላይ ተቀምጬ ወረድኩ። ቃል እየጻፍኩ የምኖር ሴት! ያውም በገዛ አፌ ነው የመጣብኝ። ከጎንደር ስንነሳ አጠገቤ ለተቀመጡት ሽማግሌ «እኔ መጽሔት ላይ እጽፋለሁ፤ ሥራዬ ቃል ነው» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ።

ሽማግሌው አያ ጥሩነህ ይባላሉ። ጎጃሜ ናቸው። በየዓመቱ ለአዝመራ ወደ ቆላ የሚወርዱ፣ ሃያ ምናምን ሠራተኛ የሚያስከትሉ ካቦ ናቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝና፣ «እንግዲያስ እኅቴ፣ ቃል ካወቅሽ መንገዱን እናሳጥረው» አሉ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ቃሎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፦ ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ጥጥ። ሁለት ሰው ተራ በተራ ከሦስቱ አንዱን ይጥላል። ቃሎቹ እየተቀጣጠሉ ሲሄዱ፣ አንድ ቁራጭ ወዲያው ተከታትሎ ከተደገመ ያስደገመው ተሸነፈ። «ሰሊጥ ሰሊጥ» ካላችሁ አለቀላችሁ። ቃላችሁ «ሰሊጥ ማሽላ ሰሊጥ ማሽላ»ን ከሞላም አለቀላችሁ። የአራት ቃል ቁራጭ ቢደገምም ያው ነው። ሌላ ሕግ የለም። አንድ ልማድ ግን አለ፤ ታላቅ ይጀምራል።

ሦስት ጊዜ ተጫወትን። በመጀመሪያው መስኮቱን፣ በሁለተኛው ክንድ ማሳረፊያውን፣ በሦስተኛው ወንበሩን ራሱን አጣሁ። አንዴም አራተኛ ቃሌን በሰላም ጥዬ አላውቅም። ሹፌሩ በመስተዋቱ እያየኝ «እሜቴ፣ ቃል አለቀባቸው!» ሲል መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

አሁን ለምን እንደመጣሁ ልናገር። ታናሽ ወንድሜ ይርጋ ሸሕዲ ላይ ሒሳብ ያስተምራል። የፊታችን ቅዳሜ በከተማው አዳራሽ የምርምር ቀን አለ። መምህሩም፣ ነርሷም፣ የግብርና ባለሙያውም ያጠናውን ይዞ ይቀርባል። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ አንድ የሒሳብ ዶክተር ይመጣሉ። የይርጋን ጽሑፍ ቀድመው አንብበው ወደውታል፤ ፊት ለፊት ሰምተው ከረኩ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪያቸው አድርገው ሊወስዱት ነው። ሁለት ዓመት አመልክቶ ሁለት ዓመት ቀርቷል። ሦስተኛ ከቀረሁ በቃኝ ብሏል። ይርጋ በቃኝ ካለ ደግሞ በቃው ነው። በአሥራ አንድ ዓመቱ ሽሮ በቃኝ ብሎ እስከ ዛሬ አልቀመሰም።

እኔ ስለሱ ልጽፍ መጥቼአለሁ። ሻንጣዬን እንኳ ሳይቀበለኝ ስለ ጥናቱ ጀመረ።

«እታለም፣ ጉድ ላሳይሽ። የቀን ሠራተኞች የሚጫወቷት አንዲት የሦስት ቃል ጨዋታ አለች...»

ሻንጣዬን ራሴ ይዤ ገባሁ። የሞተሩ ሙቀት ገና ከወገቤ አልለቀቀም ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ጥላ ሥር ያለው ውሻም ጥላ ይፈልጋል።

የይርጋን ጽሑፍ አነበብኩ። የገባኝን ያህል ልጻፍ። ሁለት ፊደል ብቻ ይዘህ፣ ምንም ቁራጭ ተከታትሎ ሳይደገም መስመር ልጻፍ ብትል አራተኛው ላይ ትያዛለህ። በሦስት ፊደል ግን እስከ ዓለም ፍጻሜ የሚሄድ መስመር መጻፍ ይቻላል። ይህን ከሱ በፊት የነበሩ ሊቃውንት ያረጋገጡት ነው ይላል። እሱ ደግሞ መስመሩን በሰሊጥ፣ በማሽላና በጥጥ ቀይሮ በደብተር ወረቀት ላይ ጽፎታል። ወረቀቱን በሙጫ እያያያዘ ከበሩ እስከ አልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። እንግዳ ሰው ቢገባ የእህል ነጋዴ ቤት ይመስለዋል።

ከዚህ ተነስቶ የደረሰበት መደምደሚያ፦ ነቅቶ የሚጫወት ሰው አይሸነፍም፤ ጨዋታውም መጨረሻ የለውም። ርእሱም «መጨረሻ የሌለው ጨዋታ» ነው።

«የሚሸነፉትስ ሰዎች?» አልኩት።

«ያልነቁ ናቸው።»

እሺ። ያልነቃችው እኔ ነኝ ማለት ነው።

«ከሠራተኞቹ ጋር ቁጭ ብለህ ተጫውተህ ታውቃለህ?»

«ምን ያደርግልኛል፣ እታለም? ሒሳብ'ኮ ነው።»

ምሳ ፉል ቤት በላን። እዚያ ሲስተር ብርቱካንን አስተዋወቀኝ፤ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት፣ እሷም ቅዳሜ ታቀርባለች። (ስለ እሷና ስለ ወንድሜ የጠየቃችሁኝ እንደሆነ፣ ፉሉን ከአንድ ሳህን ነው የበሉት። ሌላ አልጨምርም።) ጥናቷ ስለ ካላዛር ነው። ሰውን በትኩሳት እያቃጠለ፣ ሆዱን እየነፋ፣ ሥጋውን የሚጨርሰው በሽታ። የምታመጣው ከዓይን የምትሰወር ትንሽ ዝንብ ናት። በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር ዙሪያ ትኖራለች፤ የምትነድፈውም ሌሊት ነው።

ብርቱካን ባለፈው ዓመት ታመው የመጡትን ሠራተኞች አንድ በአንድ ጠይቃለች። ከወጣት ካቦ ቡድን የመጡት ይበዛሉ። ከሽማግሌ ካቦ ቡድን የመጣው ትንሽ ነው። ለምን? «ወጣቶቹ አይጠነቀቁም» ብላ ጽፋለች።

«ግን አልዋጥልሽ አለኝ፣ እትዬ» አለችኝ። «የሚበሉት አንድ ነው። አጎበር የሌላቸውም ሁሉም ናቸው። ከሽማግሌ ጋር የሚሠራም ወጣት ሞልቷል። ታዲያ ምኑ ነው የለያቸው?»

የዛሬ ስጋቶቼ፦

ወንድሜ ስለ ጨዋታ ጽፎ ጨዋታውን አለመጫወቱ።

እኔ ተጫውቼ መሸነፌን አለመናገሬ።

ሁለተኛው ስጋት የመጀመሪያውን እንዳልናገር መከልከሉ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ብርቱካን የሠራተኞቹን ካምፕ ለማየት ስትሄድ፣ የጤና ጣቢያው ሞተር ሳይክል ኋላ ተፈናጥጬ ከኮኪት አለፍ ወዳለ እርሻ ሄድኩ። ማሽላው ደርሷል። ቆረጣው ሰኞ ይጀመራል። ሁለት የሠራተኛ ቡድን ጓዙን ይዞ ደርሶ ሜዳው ላይ ተቀምጧል።

«አንቺ የቃል ነጋዴ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አያ ጥሩነህ!

ሁለት ቡድን አንድ እርሻ ላይ ሲገናኝ፣ ማን የትኛው ጫፍ ላይ እንደሚሰፍር ባለሀብቱ አይወስንም። ካቦዎቹ ይጨርሱታል። በአንደኛው ጫፍ የውኃ ጉድጓድና የቆርቆሮ ዳስ አለ። ሌላኛው ጫፍ ከውኃ ሩቅ ነው፤ ግን ግራር አለው። «ለተሸናፊ ጥላው ይበቃዋል» ይባላል። መወሰኛው ያው ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ጥጥ ነው።

የሌላው ቡድን ካቦ ሰይድ ይባላል። የወሎ ልጅ፣ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው፤ ሳቂታ ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ሰው ከበባቸው።

«አያ፣ ይጀምሩ» አለ ሰይድ። «ታላቅ እያለ እኔ አልናገርም።»

እጄ ላይ እየጻፍኩ ሰማሁ። አያ ጥሩነህ «ሰሊጥ» አሉ። ሰይድ «ማሽላ»። «ሰሊጥ» አሉ። «ጥጥ» አለ፤ ምክንያቱም ማሽላ ቢል ሰሊጥ ማሽላ ሰሊጥ ማሽላ ይሆንበታል። «ሰሊጥ» አሉ። አሁን ጥጥ ቢል ሰሊጥ ጥጥ ሰሊጥ ጥጥ ነው፤ ስለዚህ «ማሽላ»። «ሰሊጥ» አሉ እንደገና፣ ጢማቸውን እያሻሹ።

ሰይድ አፉን ከፈተ። ዘጋው። ማሽላ ቢል ሁለቱ ቃል ይደገማል። ጥጥ ቢል አራቱ ቃል ከሥሩ ይደገማል። ሰሊጥ ቢልማ የባሰ ነው።

«ወላሂ አያ፣ ከሰሊጥ ሌላ ቃል አያውቁም እንዴ?»

«ሌላውን አንተ እያልክልኝ እኔን ምን አደከመኝ!»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። የሰይድ ሰዎች ጓዛቸውን አንስተው ወደ ግራሩ ሄዱ።

እኔ እጄን አየሁ። ማክሰኞ ሚኒባሱ ውስጥ የሆነብኝ ቃል በቃል ያው ነው። ብርቱካን ደግሞ ግራሩን ታያለች። ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ሁልጊዜ ታላቅ ነው የሚጀምረው?»

«ልማድ ነው አሉኝ።»

«የጀመረውስ... ሁልጊዜ ያሸንፋል?»

መልሱን ከራሳቸው ከአያ ጥሩነህ አገኘሁት። ውኃ ሊቀዱ ሲሄዱ ተከተልኳቸውና ጠየቅኳቸው። ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «አንድ ቃል ያዥና አትልቀቂ» አሉኝ። «ያን ጊዜ ለባላጋራሽ ሁለት ቃል ብቻ ይቀሩታል። ሁለት ቃል ደግሞ አራተኛው ላይ ታልቃለች። አለቀ።»

ሁለት ፊደል፣ አራተኛው ላይ። ይህን የት ነው ያነበብኩት? የይርጋ ጽሑፍ፣ የመጀመሪያው ገጽ!

«ለወጣቶቹ ለምን አይነግሯቸውም?»

«እኔስ ማን ነገረኝ? ስንት ዘመን ግራር ሥር አድሬ ነው ያወቅኳት። ሲያረጁ ይደርሱባታል።»

ክፋት የላቸውም። እንደ መላጣነት፣ ጊዜው ሲደርስ የሚመጣ ነገር አድርገው ነው የሚያዩት። ከውኃው ስንመለስ ሰይድ ለእኔና ለብርቱካን አንድ ነገር ነገረን። ባለፈው ዓመትም ተሸንፎ እዚሁ ግራር ሥር ሰፍሮ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ በካላዛር ታሞ ለወራት ተኝቷል። ዘንድሮ ልጁን አላመጣውም።

ብርቱካን ይህንኑና የዝንቧን ነገር ለአያ ጥሩነህ ነግራቸው ሞተሯን አስነሣች።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ይርጋ ለምሳ ከትምህርት ቤት ሲመጣ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

«ና፣ አንድ ጊዜ እንጫወት።»

«እታለም፣ ለነገ ገና አልተዘጋጀሁም።»

«ታላቅህ ነኝ፤ እጀምራለሁ። ሰሊጥ።»

እየሳቀ ገባበት። ስምንተኛው ቃል ላይ ሳቁ ቆመ። «እንደገና» አለ። እንደገና። «ቆይ፣ እንደገና።» እንደገና። በአራተኛው ጊዜ፣ ቾክ የነካውን ጣቱን እያየ ቆሞ ቀረ።

ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ከእኔ ቀድሞ ገባው። መስመሩ እውነት ነው። አያልቅም። ግን የማያልቀው አንድ ሰው ብቻውን ሲጽፈው ነው። እዚህ ሁለት ሰው ነው የሚጽፈው፤ አንደኛው ደግሞ ሌላውን ሊጥል ነው የተቀመጠው። የጀመረው ሰው አንድ ቃል ይዞ ከጸና በሰባት ቃል ያልቃል።

«ባላጋራ እንዳለ ረሳሁት» አለ። «ሦስት ወር ሙሉ ግድግዳ ላይ ስለጥፍ።»

ከዚያ ስለ ግራሩ፣ ስለ ሰይድ ወንድም ነገርኩት። ሰማኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ያለውን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ ወንድሜ ቢሆንም እጽፈዋለሁ።

«ማን ያውቃል፣ እታለም? ዶክተሩ ወደውታል። ጨዋታውን ተጫውተው አያውቁም። ነገ ካለፈ በኋላ ቀስ ብዬ አርመዋለሁ።»

«አያ ጥሩነህ ያውቃሉ።»

ጽሑፉን ከጠረጴዛው አነሣና መልሶ አስቀመጠ።

ብርቱካን መጣች። አልተቀመጠችም። ከቦርሳዋ የተቀደደ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ወጣቶቹ አይጠነቀቁም» የሚለው ገጽ ነው።

«እኔ የኔን ቀድጃለሁ» አለችው። «አንተ እንደ ሐሳብህ።» ምሳ ቀርቦ ሳትበላ ወጣች።

እኔ ምንም አልመከርኩም። ምክር ነበረኝ፤ ዋጥኩት። ጉዱን ሁሉ ካወራሁ አይቀር ይህንንም ልጨምር። ለመጽሔቴ ያሰብኩት ርእስ «የሸሕዲው ሊቅ» ነበር። ለዚያ ርእስ የሚሳሳት ወንድም አይመችም። ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ይርጋ ግድግዳውን፣ እኔ ይርጋን ስናይ ዋልን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

አዳራሹ ሞልቷል። ማራገቢያው አንድ ነው፤ እሱም የሚዞረው ለዶክተሩ ነው። ዶክተሩ ቀጭን፣ ጸጉራቸው ገብስማ፣ የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የግብርና ባለሙያው ስለ ሰሊጥ ተናገረ። ሰሊጥ ታጭዶ ቆሞ ሲደርቅ አፉን ከፍቶ ስለሚረግፍበት፣ ስንት ቀን ቀደም ብሎ ቢታጨድ እንደሚሻል። ጥሩ ነበር፤ ግን ሰሊጥ የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር እጄን አያለሁ።

ቀጥላ ብርቱካን። የታመሙት እነማን እንደሆኑ፣ የት እንደሰፈሩ ተናገረች። ከግራሩ ጫፍ የመጡት እንደሚበዙ፣ ግራሩም ሁልጊዜ ለወጣት ካቦዎች እንደሚደርስ። ጥያቄው ለምን ለወጣቶቹ ብቻ ይደርሳል የሚለው ነው አለች። እዚህ ላይ ወረቀቷን አጠፈች።

«ምክንያቱን ከእኔ ቀጥሎ የሚቀርቡት መምህር ይነግሯችኋል።»

ብላ ተቀመጠች። ብላ ተቀመጠች! ይርጋ ምን እንደሚናገር እኔ አላውቅም፣ እሷም አታውቅም። ጠዋት ልብሱን ሲለብስ ሁለት ወረቀት በሁለት ኪሱ ሲከት አይቼዋለሁ፤ የቱን እንደሚያወጣ ግን አልጠየቅኩትም።

ይርጋ ተነሣ። ከአንዱም ኪስ ምንም አላወጣም።

«ያስገባሁት ጽሑፍ ርእሱ መጨረሻ የሌለው ጨዋታ ይላል» አለ። «ጨዋታው መጨረሻ አለው። ዶክተር፣ ፈቃድዎ ከሆነ አብረን እናየው።»

ዶክተሩ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ሕጉን ነገራቸው። ሊጀምሩ ሲሉ ይርጋ እጁን አነሣ።

«ይቅርታ፣ ዛሬ ታናሽ ይጀምራል።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ «ምን ያለው ባለጌ ነው!» አሉ። እኔ እኅቱ መሆኔን የሚያውቅ እንዳለ ዞር ዞር ብዬ አየሁ።

ሰሊጥ። ጥጥ። ሰሊጥ። ማሽላ። ሰሊጥ። ጥጥ። ሰሊጥ። ዶክተሩ ለስምንተኛው ቃል አፋቸውን ከፍተው፣ ልክ እንደ ሰይድ፣ መልሰው ዘጉት። ከዚያ ይርጋ የት እንደተሳሳተ ራሱ ነገራቸው። ልማዱ ታላቅን እንደሚያስጀምር፣ የጀመረ ደግሞ ዘዴውን ካወቀ እንደሚያሸንፍ፣ ስለዚህ ግራሩ ከመጀመሪያው ለታናሽ የተወሰነ እንደሆነ። «ነቅቶ የሚጫወት አይሸነፍም ብዬ ነበር፤ የተሸነፉት የነቁ ነበሩ» አለ።

ከኋላዬ ያሉት ሽማግሌ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ።

«ያነበብኩት ጽሑፍና አሁን የነገርከኝ አይገናኙም» አሉ ዶክተሩ።

«አይገናኙም።»

«የትኛውን ነው የምመዝነው?»

«ሁለተኛውን። ግን ገና አልጻፍኩትም።»

«ቃሎቹ አራት ቢሆኑስ?»

ይርጋ ትንሽ አሰበ። «አራት ከሆኑ፣ አንዱ በአንድ ቃል ሙጭጭ ቢል ሌላው በሦስቱ ቃል ያንን የማያልቅ መስመር እየተከተለ ሳይያዝ ይኖራል። ይህን አውቃለሁ። ሁለቱም ብልጥ ከሆኑ ግን ማን እንደሚያሸንፍ አላውቅም።»

ዶክተሩ አንድ ነገር ጻፉ። ሲሄዱ መኪናቸው በር ላይ ሆነው፣ «የምታውቀውንና የማታውቀውን ለይተህ ጽፈህ ላክልኝ። ከዚያ እናያለን» አሉት።

እናያለን። ይህችን ቃል መቼም ታውቋታላችሁ። እሺም እምቢም ሆና ታውቃለች።

ብርቱካን ለይርጋ ውኃ ሰጠችው። በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። ሌላ አልጨምርም።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ቆረጣው ነገ ነው፤ የሰይድ ሰዎች ደግሞ ሦስት ቀን ግራር ሥር አድረዋል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይርጋ፣ ብርቱካንና እኔ ወደ እርሻው ሄድን። ይርጋ ሰይድን ለብቻው ወስዶ ዘዴውን ነገረው። ሰይድ መሬት መሬቱን እያየ ሰማ። «ባለፈው ዓመት ባውቀው ኖሮ» አለና ቃሉን አልጨረሰም። ከዚያ ይርጋ የግድግዳውን መስመር እንደ ዜማ አስጠናው፤ ማሽላ፣ ጥጥ፣ ማሾ፣ ማሽላ፣ ማሾ፣ ጥጥ፣ ማሽላ፣ ጥጥ እያለ። ታላቅ ሁልጊዜ ስለሚጀምር፣ ያቀዱት በአራት ቃል ለመጫወት ነው፤ አራተኛው ቃል ማሾ ነው። ሰይድ ቶሎ ያዘው፤ ከይርጋ የተሻለ ድምፅም አለው።

ከዚያ ወደ አያ ጥሩነህ ሄደ። «አያ፣ ይደገም። በአራት ቃል።»

«አራት? በማን ሕግ?»

«በሦስት ያሸነፈ በአራት ይፈራል እንዴ?»

«አንተ! ማን ነው የፈራ? አራተኛው ምንድን ነው?»

«ማሾ።»

«ማሾ ትናንት የመጣ አዝመራ ነው።»

«እኔም ትናንት የመጣሁ ነኝ፣ አያ። ይጀምሩ።»

ጀመሩ። እሳቸው ሰሊጥ፣ እሱ ማሽላ። ሰሊጥ፣ ጥጥ። ሰሊጥ፣ ማሾ። አራተኛው ላይ ሰይድ አልተያዘም። ሰዉ ተጠጋ። አምስተኛው፣ ስድስተኛው አለፈ። ይርጋ ከንፈሩን ከሰይድ ጋር ያንቀሳቅሳል። ሰባተኛው፦ ሰሊጥ፣ ማሽላ። አያ ጥሩነህ ጢማቸውን ማሻሸት አቆሙ። ሰይድን ሳይሆን አፉን አዩ። ከዚያ የይርጋን አፍ አዩ።

«ጥጥ» አሉ።

ሰይድ በዜማው ሲነጉድ፣ «ጥጥ!» አለ።

ጥጥ ጥጥ። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ሰይድ ራሱን ይዞ «አይይይ! አፌን ቀሙኝ!» እያለ መሬት ላይ ተንከባለለ። ይርጋ አልሳቀም፤ ደብተር አውጥቶ እየጻፈ ነበር።

አያ ጥሩነህ ወደ እኔ ዞሩ። «አየሽ፣ እኅቴ? ልጁ ከእኔ ጋር አልነበረም የሚጫወት። ከወንድምሽ ጋር ነበር።»

ቀስ ብለው ተነሡ። ብርቱካን ስለ ዝንቧና ስለ ሰይድ ወንድም ሐሙስ ነግራቸዋለች፤ ያን ዕለት ምንም አላሉም ነበር። አሁን ግራሩን ሲያዩ ቆዩ።

«ይኸችን አሸነፍኳት» አሉ። «የበፊቶቹ ግን... እንጃ።» ከዚያ ለሰይድ፦ «መምረጥ የእኔ አይደል? ተነሥ። ጓዝህን ይዘህ ወደ ውኃው ጠጋ በል፤ ዳሱ ካልበቃ እናሰፋዋለን። ማሽላውን በቀን እንቆርጣለን፤ ለመኝታ ግራሩን ለዝንቧ እንተውላት።»

«አሸንፈውኝ?»

«ብትሸነፍማ ኖሮ በማን ሥልጣን እጠራህ ነበር?» ብለው ቆጣ አሉ። «ብሸነፍማ» ሊሉ ሲሉ ነገሩ ሳይገለበጥባቸው አልቀረም፤ ማንም ግን አላረማቸውም። የሰይድ ሰዎች ጓዛቸውን ማንሳት ጀምረው ነበር።

አሁን ሸሕዲ ነኝ። ይርጋ ሦስት ገጽ ጽፏል። አንዱ ገጽ የሚያውቀው ነው፤ ሁለቱ የማያውቀው። የዛሬዋን የአያ ጥሩነህን ጥጥ ከማያውቀው ውስጥ ነው ያገባት። ከግድግዳው ላይ ግማሹን ወረቀት ልጦ፣ ግማሹን ትቶታል። በቃኝ አላለም። አልጠየቅኩትምም።

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ጎንደር እመለሳለሁ፤ የሦስቱን ገጽ ፖስታ ለዶክተሩ በእጄ የማደርሰው እኔ ነኝ። ያች «እናያለን» እሺ ትሁን እምቢ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እዚሁ አወራችኋለሁ። እስከዚያው ግን የመስኮት ወንበር ካገኘሁ፣ ሽማግሌ አጠገቤ ቢቀመጥ ሥራዬ ምን እንደሆነ አልናገርም።